የቀበሌው ወንበርና የአላህ አማና

ምሥጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



አማና ሲባል አብዛኞቻችን ቶሎ የሚታወሰን ጎረቤት መንገድ ሲሄድ በእጃችን ያስቀመጠው ገንዘብ ወይም የቤት ቁልፍ ነው። ይህ እርግጥ አማና ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ሌላ አማና ላነሳ እወዳለሁ። ይህም በሐዋሳ ከተማችን በየቀበሌውና በየክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ማኅተም፣ መዝገብና ወንበር ነው። ሙስሊም ምዕመናን ስለ ሰላትና ስለ ጾም አህካም አዘውትረን እንጠያየቃለን። ስለ ሹመትና ስለ ባለጉዳይ መብት ግን ዲናችን ምን እንደሚል የምንጠያየቀው እምብዛም ነው። ዱንያዊ ጉዳይ ብቻ ይመስለናልና።

ቀበሌ በሕይወታችን ውስጥ ከገባ ቆይቷል። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው የሐምሌ 1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን ካቋቋመ ጀምሮ ሕፃን ሲወለድ፣ ወጣት ሲያገባ፣ ሰው ሲሞት ወደዚያው ደጃፍ እንሄዳለን። ሐዋሳም አድጋለች። በኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተደረገው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ ሆናለች። ከሐይቅ ዳር እስከ መነኸሪያ፣ ከታቦር እስከ ሐዌላ ቱላ በክፍለ ከተማ ተከፋፍላ ትተዳደራለች። አዲስ ክልል ሲቋቋም አዳዲስ ቢሮዎች ይከፈታሉ፤ ቢሮ ሲከፈትም ሹመት ይበዛል። ሹመት በበዛበት ቦታ ሁሉ አማና በዝቷል ማለት ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣንም ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል። ሆኖም የከተማና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ከተካሄደ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው ቀጣዩ ምርጫ ተራዝሟል። መራጩ ተሿሚውን የሚጠይቅበት ቀን ሲርቅ በተሿሚው ኅሊና ላይ ያለው ሸክም ይከብዳል። ከአላህ ዘንድ ያለው የምርመራ ቀን ግን አይራዘምም።

ሹመት ለማን ይገባል?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 58 አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ፣ በሰዎች መካከል ስንፈርድም በፍትሕ እንድንፈርድ አዞናል። ሙፈሲሮች ይህን አንቀጽ ከካዕባ ቁልፍ ታሪክ ጋር ያያይዙታል። መካ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በተከፈተች ዕለት ቁልፉ ለዘመናት ይጠብቀው ከነበረው ቤተሰብ፣ ከዑስማን ኢብኑ ጠልሐ እጅ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ። ከራሳቸው ቤተሰብ ቁልፉ ለእነርሱ እንዲሆን የጠየቁ እንደነበሩ በታሪክ ተዘግቧል። ድሉ የርሳቸው ነበር፤ ከልካይም አልነበራቸውም። እርሳቸው ግን ቁልፉን ለዑስማን መለሱለት። እንግዲህ ልብ በሉ! በድል ቀን እንኳ ሹመት ለዘመድ የሚከፋፈል ምርኮ አልሆነም።

ቁርኣን የተሿሚውን መለኪያ በሁለት ታሪኮች አሳይቶናል። በሱረቱል ቀሰስ አንቀጽ 26 ከሁለቱ ሴት ልጆች አንዷ አባቷ ሙሳን (ዐ.ሰ.) እንዲቀጥረው ስትመክር ያነሳችው ብርታቱንና ታማኝነቱን ነው። በሱረቱ ዩሱፍ አንቀጽ 55 ደግሞ ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) የምስር ግምጃ ቤት በኃላፊነት እንዲሰጣቸው ሲጠይቁ የጠቀሱት ጠባቂነታቸውንና ዐዋቂነታቸውን ነው። የነቢይ ልጅ፣ የነቢይ የልጅ ልጅ መሆናቸውን አላነሱም። መለኪያው ችሎታና ታማኝነት ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። ችሎታ ኖሮት ታማኝነት የሌለው ይዘርፋል፤ ታማኝ ሆኖ ችሎታ የሌለው ደግሞ መዝገቡን ያበላሻል።

ለዚህ አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ምስክር ናቸው። በዙህድና በእውነተኛነት የታወቁት እኚህ ሶሐባ ሹመት ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሥራው ደካማ መሆናቸውን፣ ሹመት አማና መሆኑን፣ በተገቢው መንገድ ይዞ ግዴታውን ከተወጣ ሰው በቀር በቂያማ ዕለት ውርደትና ጸጸት እንደሚሆን ነገሯቸው። ይህን ሙስሊም ዘግበውታል። አቡ ዘርን የሚያህል ሰው ይህ ከተነገረው እኛ ለወንበር የምንሯሯጠው ምን ተማምነን ነው?

እዚህ ላይ አንድ ለሁላችንም መራራ የሆነ ነገር ልናገር። በቡና ላይም ከጁሙዓ ሰላት በኋላም «የእኛ ሰው ተሾመ» ሲባል ፊታችን ይበራል። «የእኛ» ስንል የብሔራችን፣ የሠፈራችን፣ አንዳንዴም የሃይማኖታችን ሰው ማለታችን ነው። ሐዋሳ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ስልጤው፣ ጉራጌው፣ አማራው፣ ኦሮሞውና ሌላውም ተጎራብቶ የሚኖርባት ከተማ ናት። ሁሉም «የእኛ ሰው» እያለ ከጠበቀ መዝገቡ በወረፋ መከፈቱ ቀርቶ በስም ይከፈታል። ሙስሊም ሲሾም መደሰት ነውር አይደለም። ነገር ግን ደስታችን ከጎረቤቴ በፊት ጉዳዬን ይፈጽምልኛል ከሚል ከሆነ ወንድማችንን ወደ እሳት እየገፋነው ነው።

«ነገ ተመለሱ»

በአማርኛችን «ቀጠሮ» የሚለው ቃል በጽሕፈት ቤቶች ዘንድ ትርጉሙን እየለወጠ መጥቷል። ቀጠሮ ማለት ቃል ኪዳን ነበር፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ ማሰናበቻ ሆኗል። በአንድ ጽሕፈት ቤት ወረፋ ላይ ሳለሁ ሕፃን ያዘለች እናት ለልደት ምስክር ወረቀት ለአራተኛ ጊዜ መመላለሷን ስትናገር ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው ቀን ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ ሁለተኛው ቀን መብራት የለም ተባለች፣ ሦስተኛው ቀን ማኅተም የያዘው ሰው ወጥቷል። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፎ ነበር፤ አገልግሎቱ በምን ያህል ጊዜ እንደሚያልቅ በጥሩ ፊደል ተጽፎበታል። አራት ቀን ማለት በቀን ሥራ ለምታድር እናት የአራት ቀን እንጀራ ነው። ይህን እንጀራ ማን ወሰደው? ገንዘብ ከኪስ አልወጣ ይሆናል፤ በአላህ ዘንድ ግን ተመዝግቧል።

አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሙስሊሞችን ጉዳይ እንዲይዝ ተሹሞ ሳለ ከችግረኞቻቸው የተሸሸገን ሰው አላህም እርሱ በሚቸገርበት ጊዜ ከጉዳዩ እንደሚሸሸግበት አስጠንቅቀዋል። ይህ ሐዲስ ለሙዓዊያ (ረ.ዐ.) በተነገራቸው ጊዜ የሰዎችን ጉዳይ የሚከታተል ሰው ወዲያው መሾማቸው ተዘግቧል። ዑመር (ረ.ዐ.) ደግሞ የኩፋው አስተዳዳሪ ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ከሕዝቡ የሚጋርድ በር መሥራታቸውን ሲሰሙ ሙሐመድ ኢብኑ መስለማን ልከው በሩን አቃጠሉት። ሰዕድ ጀነት ከተበሠሩት አሥር ሶሐቦች አንዱ ናቸው። ሆኖም ዑመር የባለጉዳይን መንገድ የዘጋን በር ስለ ባለቤቱ ክብር ብለው አላለፉትም።

ቁርበቱን የመለሰው ንጉሥ

«ለሻይ» የሚባለው ነገር ሁላችንም የምናውቀው ነው። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኢብኑ ሉትቢያ የተባለውን ሰው ዘካ እንዲሰበስብ ላኩት። ሲመለስ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህኛው ግን ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። እርሳቸውም ሚንበር ላይ ወጥተው ይህ ሰው በአባቱ ወይም በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደነበረ እስኪ ይታይ ሲሉ ጠየቁ። ይህ ጥያቄ ለማንኛውም የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ይበቃል። ወንድሜ ሆይ፣ ያቺ ማኅተም በእጅህ ባትኖር ኖሮ ይህ ሰው ሻይ ይጋብዝህ ነበር?

ከዚህ የበለጠ የሚያኮራን ምሳሌ ደግሞ በራሳችን ምድር የተፈጸመ ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ወደ ሐበሻ በተሰደዱ ጊዜ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ባልደረባውን ምርጥ ቁርበት አስይዘው ላኩ። መልእክተኞቹ አስቀድመው ለንጉሡ ሹማምንት አደሉ፤ ለነጃሺም አቀረቡ። ስጦታ የተቀበሉት ሹማምንት ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ተላልፈው እንዲሰጡ መከሩ። ነጃሺ ግን ቃላቸውን ሳልሰማ አልሰጥም አሉ፣ ጀዕፈርን (ረ.ዐ.) አስጠርተው አዳመጡ፣ በመጨረሻም ስጦታውን አስመለሱ። ሙሃጂሮቹ የባዕድ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ዘመድም ገንዘብም አልነበራቸውም። ኢስላም በሐበሻ የተጠለለው አንድ ሹም ጉቦ ስለመለሰና የባለጉዳይን ቃል ስለሰማ ነው። እኛ በነጃሺ የምንኮራ ሁሉ ይህን ማስታወስ አለብን።

«መብቴን ለማግኘት ካልከፈልኩ ምን ላድርግ?» የሚል ይኖራል። በርካታ ዑለማዎች ሌላ መንገድ ያጣ ሰው የራሱን ሐቅ ለማስለቀቅ ወይም በደልን ለመከላከል ተገዶ ቢሰጥ ወንጀሉ በተቀባዩ ላይ ነው ብለዋል። ነገር ግን ይህን ፈትዋ ከመጠቀማችን በፊት ራሳችንን እንመርምር። በእርግጥ ሌላ መንገድ አጥተን ነው? ወይስ ወረፋ መጠበቅ ስለሰለቸን ነው? ወረፋ ለመቅደም የሰጠነው ገንዘብ ያቺን ሕፃን ያዘለች እናት አንድ ቀን ወደ ኋላ ገፍቷታል። ያ የእኛ ሐቅ አልነበረም፤ የእርሷ ነው። ጉቦ ሰጪውም ተቀባዩም የተረገሙ መሆናቸው የተነገረው እንዲህ ያለውን ነው።

ከቤታችን እንጀምር

ሙስሊሙ ኅብረተሰብ በ2004 ዓ.ም. መሪዎቻችንን ራሳችን እንምረጥ፣ የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ሳይሆን በመስጊድ ይሁን ብሎ በአደባባይ ጠይቋል። ምርጫው ግን በመስከረም 2005 ዓ.ም. በየቀበሌው ተካሄደ። ያ ጥያቄ አሿሿም የዲን ጉዳይ መሆኑን ያወቀ ሕዝብ ጥያቄ ነበር። እንግዲያው ይህን መለኪያ በመስጊድ ኮሚቴዎቻችንና በዕድሮቻችን እናስቀድመው። ሒሳቡ በየዓመቱ ለጀማዓው ይነበባል? ገንዘብ ያዡ የተመረጠው በችሎታውና በታማኝነቱ ነው ወይስ በዝምድና? በመስጊድ ያልለመድነውን በማዘጋጃ ቤት ብንጠይቅ ማን ይሰማናል?

በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ የሥራ ሰዓታችሁ ከደመወዛችሁ ጋር የተያያዘ ውል ነው። ዙህርን ስገዱ፤ ሰላትን ምክንያት አድርጋችሁ ግን ባለጉዳይን ከሚያስፈልገው በላይ አታስጠብቁ። ማድረግ የምትችሉትን ዛሬ አድርጉ፤ የማትችሉትን በግልጽ ተናገሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሕዝብን ጉዳይ ይዞ ለሕዝቡ ለስላሳ ለሆነ አላህ እንዲለሰልስለት፣ ያከበደባቸውን ደግሞ እንዲያከብድበት ዱዓ አድርገዋል። በየማለዳው ቢሮ ስትከፍቱ ከሁለቱ ዱዓዎች በአንዱ ሥር ትገባላችሁ።

አላህ ሹመትን ለሚገባቸው የሚያደርስ፣ የባለጉዳይን እንባ የሚያብሱ ሹማምንትን ይስጠን፤ እኛንም በትንሹም በትልቁም አማና የምንታመን ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ።