የጀማሪው ጽሑፍ የማን ሐሳብ ነው?

የኮሌጅ ጀማሪ ድርሰት ሲጽፍ የሚያስበው እሱ ነው ወይስ ያነበበው መጽሐፍ? የአንደኛ ዓመት የጽሕፈት ትምህርት የሚቆመው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ለጥያቄው ሁለት ዓይነት መልስ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይገኛል። ባቱ ከተማ አጠገብ፣ በዝዋይ ሐይቅ ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ያለው የደብረ ጽዮን ገዳም በጥንታዊ የብራና መጻሕፍቱ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ቅዱስ መጽሐፍ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ ከራሱ አንዲት ቃል ቢጨምር ጥፋት ነው፤ የእሱ ታማኝነት የተቀበለውን ሳይለውጥ ማስተላለፍ ነው። ያችው ቤተ ክርስቲያን ግን በቅኔ ቤት ተቃራኒውን ትጠይቃለች። ጀማሪው ጉባኤ ቃና በምትባል ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ይነሣል፤ ብቻውን ቅኔ ሲቆጥር (ሲያዘጋጅ) ውሎ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ መንገር ነውር ነው።

ወደ ኮሌጁ ስንመለስ፣ በ2012 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎች የተመለሰው የአንደኛ ዓመት መርሐ ግብር የእንግሊዝኛ ተግባቦትን ከሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ ጋር አጣምሮ ይሰጣል። ጥምረቱ አስተዋይ ነው። ከባቱ ወደ አዳማ ወይም አሰላ የሚሄድ ተማሪ በቤቱ ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ሲናገር አድጎ በእንግሊዝኛ ጻፍ ይባላል፤ ቋንቋው ሲከብደው መገልበጥ ይቀለዋል (ሁልጊዜ ከስንፍና አይደለም)። ሎጂክ ደግሞ ነገር ታላቅ ሰው ስለተናገረው ብቻ እውነት እንደማይሆን ያስተምራል። ኮሌጅ የሚሻው የቁም ጸሐፊውንም የባለቅኔውንም ግዴታ ነው፦ የሌላውን ቃል ከነባለቤቱ መጥቀስ፣ ከዚያም በራስ ሚዛን መፍረድ። ሰዋስው ብቻ አርሞ ወረቀቱን የሚመልስ መምህር አንዱንም አላስተማረም።