ኮቱ አለ፣ ሰውየው የት ነው?

መቼም መንግሥት መሥሪያ ቤት ጉዳይ ኖሮት የሚያውቅ ሰው ይህችን ነገር ሳያያት አይቀርም። በሩ ክፍት ነው፤ ኮቱ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ሰውየው ግን የለም። «አሁን እዚሁ ነበሩ» ይሏችኋል። የጠዋቱ ፊርማ ተፈርሟል፣ ኮቱም ቀኑን ሙሉ በሥራ ገበታው ላይ ይውላል። አለቃ በኮሪደሩ ሲያልፍ ኮቱን ያይና ልቡ ያርፋል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ አብዛኞቹ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞች ከቤታቸው እንዲሠሩ ሲወሰን ብዙ አለቆች ተጨነቁ። «እንግዲህ መሥራት አለመሥራታቸውን በምን አውቃለሁ?» ነው ነገሩ። ዛሬም ግማሹን ሳምንት ቢሮ፣ ግማሹን ቤት ስለሚሠራ ሠራተኛ ሲወራ እንደ አዲስ የፈረንጅ ጉድ ይቆጠራል። ጥያቄው ግን እኛው ዘንድ ከከረመ ቆይቷል። ለማየት የፈለገ ኒሯቅ ድረስ ይሂድ።

ኒሯቅ የዋግ ኽምራዋ የአበርገሌ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ቆላ ሲወርዱ። ስሟ ለአማርኛ ጆሮ «ራቀ» የሚለውን ቃል ያስታውሳል። በ1995 ዓ.ም. አገሪቱ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ስትጀምር ሐሳቡ እንዲህ ነበር፦ ለአንድ ገጠር ቀበሌ፣ ለ5,000 ሰው ገደማ፣ 10ኛ ክፍል ጨርሰው 1 ዓመት የሠለጠኑ ሁለት ሴቶች ይመደባሉ፤ አምስት ጤና ኬላዎችን ደግሞ አንድ ጤና ጣቢያ ይደግፋል፣ ይቆጣጠራል። እንደ አበርገሌ ባለ አገር አለቃቸው ያለው እንግዲህ ከብዙ የእግር መንገድ በኋላ ነው። በዚያ ላይ መመሪያው ራሱ ከሥራ ጊዜያቸው 75 በመቶውን ከጤና ኬላው ውጪ፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ እንዲያሳልፉት ነበር የሚያዘው።

እስቲ ነገሩን አስቡት። ተቆጣጣሪው በቆላው ፀሐይ ተጉዞ ይደርሳል፤ ጤና ኬላው ተዘግቷል። ልጅቷ የት ሄደች? ከሸለቆው ማዶ አራስ ልትጠይቅ ወርዳ ይሆናል። ወይም የራሷን ጉዳይ ይዛ ሰቆጣ ወጥታ ይሆናል። ቁልፉ አይናገርም። እንዲያውም ቀኑን ሙሉ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ብትጠብቀው ኖሮ ሥራዋን ያልሠራችው ያኔ ነበር። እዚህ ላይ ዓይን ዳኝነቱን ያጣል።

ዓይን ሲያንስ የሚተካው ወረቀት ነው፤ ሪፖርት! የተከተቡ ሕፃናት ይህን ያህል፣ የተቆፈሩ መጸዳጃ ቤቶች ይህን ያህል። ቁጥር በራሱ ክፉ አይደለም፤ የቤተሰብ ማህደሩ በደንብ ካልተያዘ ማን እንደተከተበ፣ ማን እንደቀረ በምን ይታወቃል? ክፋቱ የሚመጣው ከ100 በመቶ በታች የጻፈችው ልጅ በስብሰባ ላይ ስትቆም ነው። «ጎረቤት ቀበሌ እንዴት ቻለ?» ትባላለች። በሚቀጥለው ወር ምን እንደምትጽፍ ለመገመት ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም።

ታዲያ ውሸቱ የማን ነው? የጻፈው እጇ ነው፤ ተጠያቂነቱ አይቀርላትም። ግን ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ የምደጋግምላቸው አንድ ነገር ነበር፤ ማንም ደራሲ ሲጽፍ አንባቢው ፊቱ ተደቅኗል። የሐሰት ሪፖርትም እንደዚያው ነው። ደስ የሚያሰኘውን ብቻ ማንበብ የሚሻ አለቃ፣ ፊርማው ከሥር ባይኖርም፣ ተባባሪ ደራሲ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሌላ ነው፦ በወረቀት የተከተበው፣ ክንዱን ግን መርፌ ያልነካው ሕፃን።

«እና ዝም ብለን እንመን ነው የምትለው?» የሚለኝ አይጠፋም። የለም፣ ጎበዝ! ዝም ብሎ መተው መተማመን አይባልም። የጥንት ነገሥታትም ዋግን ለዋግሹሙ ሲተዉ ግብሩ ከገባና ታማኝነቱ ከጸና «ገበሬው እንዴት ከረመ?» የሚል ብዙም አልነበረም። ይህ መርሳት ነው። ከዓይን የራቀ ከልብም ይርቃል የሚባለው ለዚህ ነው።

መተማመን የሁለት ወገን ዕዳ ነው። ተቆጣጣሪው «ምን ሠራሽ?» ከማለቱ በፊት «ምን ጎደለሽ?» ይበል። ክትባቱ በጊዜው ደርሷል? ማቀዝቀዣው ይሠራል? ይህን ከጠየቀ በኋላ አብሯት ሦስት አራት ቤት ይግባ፤ እናቶቹንም የሕፃኑን ካርድ እንዲያሳዩት ይለምን። እውነተኛው ምስክር ተገልጋዩ ነው። ያኔ ቁጥጥሩም ይኖራል፣ ልጅቷም አልተዋረደችም። የጎደለውን ብትጽፍ እንደማትቀጣ ካወቀች የጎደለውን ትጽፋለች።

በሰሜኑ ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሺህ ሰው ተፈናቅሎ ሰቆጣና አካባቢዋ ተጠልሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ ደብተሩም፣ ማኅተሙም፣ ስብሰባውም ይበተናል። ተቆጣጣሪ ቀርቶ ስልክ በማይሠራበት ቀን ሠራተኛን ከሥራው ጋር የሚያቆየው ምንድን ነው? ደመወዝ ነው እንዳይባል ባንኩም ሊዘጋ ይችላል። የሚቀረው፣ ሥራው ያንተ ነው ብሎ ቀድሞ በሰላሙ ቀን ያመነው ሰው መኖሩ ነው። ለዓመታት የታየው ኮቱ ብቻ ከሆነ ግን፣ በዚያ ቀን የሚገኘውም ኮቱ ነው።