ስም ርስት ነውን?

የአንድን አገር ስም አመጣጥ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ከቅን ፍላጎት ይጀምራል፤ ፍጻሜው ግን ሁልጊዜ እንደ አጀማመሩ አያምርም። «ይህ ቃል የማን ቋንቋ ነው?» ብሎ የተነሣ ሰው ጥቂት ቆይቶ «እንግዲያው መሬቱ የማን ነው?» ሲል ይገኛል። ለመሆኑ ከፊተኛው ጥያቄ ወደ ኋለኛው የሚያሻግር ድልድይ አለን?

ምሥራቅ ጎጃምን እንመልከት። ብቸና ዛሬ የእነማይ ወረዳ ከተማ ናት፤ ሞጣ የምትገኘው በሁለት እጁ እነሴ ምድር ነው። ቀድሞ ሁለቱም የአውራጃ ስሞች ነበሩ። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን ተቃውሞ ሲነሣ፣ የሞጣና የብቸና አውራጃዎች ከግንባር ቀደሞቹ መካከል ነበሩ። አውራጃ የሚባለው የአስተዳደር እርከን ዛሬ ቀርቷል፤ የዚያ ዓመት ታሪክ ግን የሚነገረው በእነዚሁ ስሞች ነው። እንግዲህ ስም ከአስተዳደር ወሰን ይልቅ ዕድሜ አለው ማለት ነው።

የአካባቢውን ወረዳዎች ስም ላዳመጠ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ይገለጥለታል። «እናርጅ እናውጋ» የሚለውን የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ፣ አብሮ አርጅቶ አብሮ ለማውጋት የተጠራ ይመስለዋል። ጆሮ የሰጠው ትርጉም ግን የስሙ ምንጭ ነው ማለት አይደለም፤ ውብ መሆኑ ብቻውን እውነት አያደርገውም። በአንጻሩ «ሁለት እጁ እነሴ» እና «ጎንቻ ሲሶ እነሴ» የሚሉት ስሞች ስሌት ይናገራሉ። ከሦስት ሁለቱ ድርሻ ሁለት እጅ፣ የቀረው አንዱ ሲሶ ይባላል። አንድ የነበረው እነሴ ተከፍሎ፣ የአከፋፈሉ ልክ በስም ላይ ተጽፎ ቀረ። ልብ እንበል፤ ተካፋዮቹ ሁለቱም «እነሴ» የሚለውን አልጣሉም። ድርሻ ተከፈለ እንጂ ስም አልተከፈለም።

«በጎጃም ስም የመሬት ማስረጃ አልነበረምን?» ብሎ የሚሞግት ይኖራል። ሙግቱ ቀላል አይደለም። በርስት ሥርዓት አገሩን ካቀናው አባት የሚወለድ ሁሉ የርስት ድርሻ ይጠይቅ ነበር፤ የዚያ አባት ስምም የመብቱ መነሻ ነበረ። ነገር ግን ስሙን መጥራት ብቻ አይበቃም፤ ጠያቂው ትውልዱን በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ በሽማግሌ ፊት ማስረዳት ነበረበት። ቢረታም የሚያገኘው ከሌሎች ወራሾች ጋር የሚካፈለውን ድርሻ ነው። ወንድምና እኅትን ሁሉ አባርሮ ብቻውን ይቀመጥ ዘንድ የአባት ስም ለማንም ሥልጣን አልሰጠውም። ያ ሥርዓትም ቢሆን ብዙ ክርክርና ጠብ ነበረበት፤ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን አከተመ። የዛሬው የስም ተሟጋች ግን ከርስት ጠያቂው የባሰ ነው፤ ትውልድ ሳይቆጥር፣ ምስክር ሳያቀርብ፣ አንዲት ቃል ብቻ ይዞ ጎረቤቱን «ውጣ» ይላል።

የሌላውንም ዓለም እንይ። በእንግሊዝ አገር ኤሴክስ የሚባለው አውራጃ ስም «የምሥራቅ ሳክሶኖች» ማለት ነው፤ አገሩን የያዙት ሰዎች የራሳቸውን ስም አወጡለት። ጎረቤቱ ኬንት ግን እነርሱ ከባሕር ማዶ ሳይመጡ የነበረ ስም ነው፤ ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት ጽፎታል። መጤዎቹ የቀደሙትን ሰዎች ቋንቋ ትተው ስማቸውን ወረሱ። ዛሬ የኬንትን ገበሬ «ስምህ የሌላ ነውና መሬቱን ልቀቅ» የሚለው ቢመጣ፣ የሚያገኘው መልስ ሳቅ ነው።

ስም የሚነግረን ከእኛ በፊት ሰው እንደነበረ ነው። ይህ ደግሞ የይዞታ ደብተር ሳይሆን ዕዳ ነው፤ የቀደመውን አለመካድ፣ ያላወቁትን ምንጭ እንደ እውነት አለመስበክ፣ ለሚመጣው ሳይበረዝ ማስረከብ። የስምን ሥር መቆፈር መልካም ነው፤ ጉድጓዱን ለጎረቤት መቃብር እስካላደረግነው ድረስ።