የምሥራቅ ጀርመን ሜዳሊያ በስንት ይካፈል?

እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ ምሥራቅ ጀርመን 40 ወርቅ ወሰደች። አሜሪካ ያገኘችው 34 ነበር፤ ሶቪየት ኅብረት በ49 አንደኛ ወጣች። የሕዝቡን ቁጥር አስገብተን እናስላ ካልን ግን ፉክክሩ ያበቃል። ምሥራቅ ጀርመን ያኔ 17 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራት፣ አሜሪካ ደግሞ ከ215 ሚሊዮን በላይ። ስለዚህ ምሥራቅ ጀርመን ለ420 ሺህ ያህል ሰው አንድ ወርቅ ሲደርሳት፣ በአሜሪካ አንድ ወርቅ ለስድስት ሚሊዮን ሰው ነው። ልዩነቱ አሥራ አምስት እጥፍ ይጠጋል።

አገሮችን እንደ መጠናቸው እናወዳድር የሚለው ሐሳብ ተገቢ ነው፤ ትንሽን አገር ከትልቅ ጋር በደረቅ የሜዳሊያ ብዛት ማፎካከር ግፍ ነው። ሆኖም ክርክሩ ሁሉ በአካፋዩ ላይ ነው፦ የሕዝብ ቁጥር ይሁን፣ ሀብት ይሁን፣ የወጣቱ ብዛት ይሁን? ተካፋዩ፣ ማለትም ሜዳሊያው፣ እንዴት ተገኘ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የምሥራቅ ጀርመን መሪዎች ይህ ሂሳብ ከማንም ቀድሞ ገብቷቸው ነበር። በቅርጫት ኳስ አሥራ ሁለት ተጫዋች ለዓመታት ቀልበህ የምታገኘው አንድ ሜዳሊያ ነው። አንዲት ዋናተኛ ግን፣ ኮርኔሊያ ኤንደር፣ ከሞንትሪያል በግል ውድድሮች ሦስት ወርቅ፣ በቅብብል ደግሞ አንድ ወርቅና አንድ ብር ይዛ ተመለሰች። በ1969 ገዢው ፓርቲ ሜዳሊያ የሚያስገኙትን ስፖርቶች መርጦ ገንዘቡን እዚያ አፈሰሰ፤ ዋና፣ ቀዘፋና አትሌቲክስ ሲያብቡ ቅርጫት ኳስና ሆኪ ከድጋፉ ወጡ። ሕፃናት በየትምህርት ቤቱ ቁመታቸውና አቅማቸው እየተለካ ተመለመሉ። እስከዚህ ድረስ ብልጠት ነው፤ ማንም አገር ቢያደርገው ነውር የለበትም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ሌላ ነው። በ1972 የምሥራቅ ጀርመን ሴቶች በዋና አንድም ወርቅ አልነበራቸውም። ከአራት ዓመት በኋላ ከ13ቱ 11ዱን ጠራርገው ወሰዱ። በመካከሉ፣ በ1974፣ 14.25 በሚል ቁጥር የሚታወቀው ምስጢራዊ የመንግሥት የዶፒንግ ዕቅድ ወጥቶ ነበር። ኦራል ቱሪናቦል የተባለች ሰማያዊ የስቴሮይድ ክኒን ለታዳጊ ልጃገረዶች ሳይቀር «ቫይታሚን ናት» እየተባለች ትታደል ነበር። አሜሪካዊቷ ሺርሊ ባባሾፍ በግል ውድድሮች ሦስት ጊዜ በእነዚህ ዋናተኞች ተቀድማ ብር አገኘች። ጥርጣሬዋን በአደባባይ ስለተናገረች የገዛ አገሯ ጋዜጦች ሽንፈት የማይዋጥላት ኩርፈኛ አድርገው ሣሏት። የበርሊን ግንብ ፈርሶ የዕቅዱ ሰነድ ከወጣ በኋላ፣ በ2000 የምሥራቅ ጀርመን ስፖርት አለቃ የነበረው ማንፍሬድ ኤዋልድ በበርሊን ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ የ22 ወር የገደብ እስራት ተፈረደበት። ሜዳሊያው ግን አልተነካም። ዛሬም በነፍስ ወከፍ የሚያሰላ ሰው የሚያካፍለው ያንኑ 40 ነው።

የሁለቱ ጀርመኖች ውሕደት ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። በ1988 በሴኡል ምሥራቁ 102፣ ምዕራቡ 40፣ በድምሩ 142 ሜዳሊያ አገኙ። በ1992 በባርሴሎና የተዋሐደችው ጀርመን 82 ብቻ ይዛ ወጣች። የክኒኑ መቆምና የአሠልጣኞቹ መበተን ድርሻ አለው። የማይነሳው ምክንያት ለእያንዳንዱ አገር የሚፈቀደው የተሳታፊ ኮታ ነው፦ ትናንት ሁለት ቡድን ያሰልፍ የነበረ ሕዝብ አሁን የሚያሰልፈው አንድ ነው። ሕዝብህ እጥፍ ቢሆን የተሳታፊህ ቁጥር እጥፍ አይሆንም። ትልልቅ አገሮች በነፍስ ወከፍ ሰንጠረዥ ላይ ሁልጊዜ ወደ ታች የሚወርዱት በከፊል በዚህ ነው። ከላይ በኩል ደግሞ ዕድል አለ፦ በ2012 ኪራኒ ጄምስ በ400 ሜትር ሲያሸንፍ መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ግሬናዳ ከዓለም ቁንጮ ላይ ወጣች፤ ያን ዓመት ምንም ያላገኙት መሰል ደሴቶች ግን ከሰንጠረዡ ግርጌ ናቸው፤ ማንም ስማቸውን አያነሳም።

ኢትዮጵያስ? በሞንትሪያል አልነበረችም። ኒውዚላንድ ከአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ጋር ራግቢ መጫወቷን ተቃውመው ከቀሩት አፍሪካውያን አንዷ ስለነበረች፣ ምሩጽ ይፍጠር ወርቁን ለማግኘት እስከ ሞስኮ 1980 መጠበቅ ነበረበት። የ1976ቱን ሂሳብ በሕዝብ ቢያካፍሉት የኢትዮጵያ ውጤት ዜሮ ነው፤ ዜሮው ግን ስለ ሯጮቿ ምንም አይናገርም። የኮታው ነገር ይብስባታል፤ በ10 ሺህ ሜትር ሦስት ሯጭ ብቻ ስለሚፈቀድ፣ በሌላ አገር ማሊያ ለሜዳሊያ የሚበቃው አራተኛ ሰው ቤቱ ይቀራል። የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎቿ ሁሉ ከ800 ሜትር ጀምሮ ባለው ሩጫ የተገኙ ናቸው፤ ብዙዎቹን ያመጡት ደግሞ ከአርሲና ከአካባቢው የወጡ ልጆች ናቸው፤ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ከበቆጂ ዙሪያ ናቸው። ያንን ሜዳሊያ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ስናካፍል፣ የመዋኛ ገንዳ አይቶ የማያውቀውን ልጅ ሁሉ ዋና ላይ ተሸንፏል ብለን ቆጥረነዋል።