«ጠባዩ ነው» ሲሉሽ

ልጄ፣ ምዕራብ ጎንደር፣ ገንዳ ውሃ ጤና ጣቢያ በመመደብሽ ደስ ብሎኛል። ወባው ከመስከረም እስከ ኅዳር ፋታ አይሰጥሽም፤ ካላዛሩንም ሰሊጥ ሊያጭዱ የወረዱት ሠራተኞች ይዘውልሽ ይመጣሉ። እኔ ግን የምመክርሽ ጤና ጣቢያ ስለማይመጡት ነው።

አፉን ያልፈታ፣ ንግግሩ ከእናቱ በቀር ለማንም የማይገባ ልጅ በየቀበሌው አለ። ኦቲዝም ይሁን የአእምሮ እድገት ውስንነት ለቤተሰቡ የነገረ ሰው የለም። ሌሊት ሲጮኽ፣ ምግብ እምቢ ሲል፣ ራሱን ሲመታ ቤተሰቡ «ጠባዩ ነው» ይላል፤ ጎረቤት «ያደረበት ነው» ይላል። ባለሙያው ይህን ሰምቶ ዝም ካለ ልጁ አለቀለት። «ራሴን አመመኝ» ማለት የማይችል ልጅ እኮ ራሱን ነው የሚመታው! ወባው ደግሞ ጭንቅላቱ ላይ ለመውጣት አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ስለዚህ ከምክር በፊት ጣቱን ወግተሽ መርምሪው፤ ጆሮውን፣ ጥርሱን፣ ሆዱን እዪ። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ከዘለቀና ወባ ካልተገኘ ጣፊያውን ዳብሺ፤ ካላዛር ወደሚመረመርበት ላኪው። የሚጥል በሽታ ካለበት መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ተከታተይ፤ ትኩሳት ያንን ይቀሰቅሳል።

ችግሩ የድህነት ብቻ አይምሰልሽ። በእንግሊዝ አገር የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ወደ 20 ዓመት ያህል ቀድመው ይሞታሉ፤ ከሞቱም ቀላል የማይባለው ክፍል በጊዜው ቢታከም የሚቀር ነበር። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ለእነርሱም ከማንም እኩል ሕክምና ይገባቸዋል ይላል።

እናቲቱን ስሚያት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት የራሳቸውን ልጅ የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥተው ነው፤ በአገራችን መንገዱን የጠረገችው እናት ናት። «ከሰሞኑ ምን አዲስ ነገር አየሽበት?» ብለሽ ጠይቂያት። ጠዋት፣ ሰውና ሙቀት ሳይበዛ፣ ቅጠሪያት፤ ጣቱን ስትወጊው እሷ ትያዘው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ ፕሮግራም አለው፤ አድራሻውን ይዘሽ ቆዪ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ የሚዘጋበትም ጊዜ አለና እስከዚያው አንቺ ነሽ ያለሽላቸው።

ቤት ለቤት ስትዞሪ «ሌላ ልጅ የለንም» ቢሉሽ አትከራከሪ፤ ቡናውን ጠጪ፣ በሌላ ቀን ተመለሺ። ሲያምኑሽ የደበቁትን ልጅ ያወጡልሻል። ያን ጊዜ ስሙን ጠይቀሽ መዝገብሽ ላይ ጻፊው፤ በጤና መድኅኑ ደብተር ላይ መኖሩን እዪ፤ የሚተኛበትም ቦታ አጎበር እንዲሰቀል አድርጊ።