አራተኛው ስም

በሸዋ ሮቢትም ሆነ በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ፣ ስሙን የተጠየቀ ሰው የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ተናግሮ ይቆማል። ቀበሌውም፣ ባንኩም፣ ትምህርት ቤቱም ከዚያ በላይ አይጠይቁትም። ልጅ ሲወለድለት አባት የነበረው አያት ይሆናል፣ አያት የነበረውም ከመዝገቡ ይወጣል። አራተኛው ስም የሚባለው እንግዲህ ይህ የወጣው ነው። ሰውዬው መሬት ያቀና፣ ልጅ ያሳደገ፣ ምናልባትም የዛሬውን ቤት መሠረት የጣለ ይሆናል። ስሙ የሚነሳው ግን አንድ ሽማግሌ ካለ ብቻ ነው።

እንግሊዞችም አንድ ዘመን እንዲሁ ነበሩ። የኖርማንዲው ዊሊያም በ1066 እ.ኤ.አ አገራቸውን ሲይዝ ተራው ሰው የሚጠራው በአንድ ስም ነበር። ጆን የሚባሉት ሲበዙ አንዱ የሪቻርድ ልጅ፣ ሌላው ቀጥቃጩ፣ ሌላው ኮረብታው ሥር ያለው እየተባለ ይለያል። የሪቻርድ ልጅ የተባለው ጆን ልጅ ሲወልድ፣ ያ ልጅ ደግሞ የጆን ልጅ ነው፤ እንደኛው በየትውልዱ ይለወጣል። ከዚያ የርስት ውርስ በጽሑፍ መያዝ ጀመረ፤ በ1377፣ በ1379ና በ1381 በየሰው ራስ ግብር ተጣለ፤ በ1538 ደግሞ የንጉሡ ሚኒስትር ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ አዘዘ። በእነዚያ ብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ስሙ ቀስ በቀስ ባለበት ረጋ። ዛሬ ጆንሰን የሚባል ሰው የሚሸከመው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የኖረውን፣ ምንም የማያውቀውን አንድ ጆን ነው። ከዚያ ጆን ወዲህ ያሉት አባቶች ሁሉ በስሙ ውስጥ ቦታ የላቸውም።

የትኛው ይሻላል? እኔ ቅርቡን መያዝ ይሻላል እላለሁ። አባቱን በስሙ የሚጠራ ሰው የሚያውቀውን ሰው ይጠራል። ሩቁን ደግሞ አገሬው በሌላ መንገድ ጠብቆት ኖሯል። በክርስቲያኑ ዘንድ ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በሁለቱም ወገን የተነሳ ስም ከገጠመ ጋብቻው ይቀራል። ስለዚህ አራተኛውም፣ አምስተኛውም፣ ሰባተኛውም ስም ሥራ ነበረው። ሥራ ያለው ስም ደግሞ አይረሳም።

የይፋት ቆላ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ያልጠፋ አንድ ስም ታውቃለች። በ1285 እ.ኤ.አ ዑመር ወላስማ የሸዋን ሱልጣኔት አስገብሮ ይፋትን ዋና ካደረገ ወዲህ፣ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ወላስማ ተባሉ። ሰብረዲን በ1332 ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ጋር የተዋጋው ከዚሁ ቤት ወጥቶ ነው። ሌላው የዚሁ ቤት ሰው ሰዓደዲን በወደቡ ከተማ በዘይላ ተገደለ፣ ሱልጣኔቱም ከዚያ በኋላ ወደ አዳል ተሻገረ፤ የወላስማ ስም ግን ይፋት ውስጥ ቀረ። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከሸዋ ሮቢት ብዙ በማይርቁ ኮረብታዎች ላይ የመስጊድና የከተማ ፍርስራሾችን አጥንተዋል፤ የወላስማዎች መቃብርም በዐረብኛ ከተቀረጹ ድንጋዮቹ ጋር ከመካከላቸው ተገኝቷል።

የሚያስገርመኝ ግን ኋላ የሆነው ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ በ1841 እ.ኤ.አ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ በይፋት የተቀበለው ገዥ ወላስማ መሐመድ ይባል ነበር። ይህ ሰው የንጉሡን እስረኞች ጎንጮ በተባለው አምባ የሚጠብቅ ባለሥልጣን ነው። የቤቱ ስም ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ኖሮ፣ እንደ እንግሊዞቹ ከኋላ ሳይሆን ከፊት፣ እንደ ማዕረግ ገባ። የራሱ ስም መሐመድ ነበር፤ ወላስማነቱ ሹመቱ ነው። እኛ ዘንድ የዘር ስም ዘልቆ የሚኖረው ሥልጣን ሲሸከመው ይመስለኛል። ሥልጣኑ ሲያልቅ ስሙም ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

የቤት ስም በሕግ ለመትከልም ተሞክሯል። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው ከተጸውኦና ከአባት ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም እንዳለው ደንግጓል። ሕዝቡ ግን በአባቱ ስም መጠራቱን አልተወም። አሁን ያ ሕግ ያልቻለውን ስደት እያደረገው ነው። ዋሽንግተን ወይም ለንደን የተወለደ የይፋት ልጅ፣ የአባቱ ፓስፖርት ላይ መጨረሻ የተጻፈውን ስም ይወርሳል፤ ልጁም ያንኑ፣ የልጅ ልጁም ያንኑ። ቆላ ውስጥ ማሾ ሲያመርት የኖረ አንድ ሰው፣ ሳያውቀው ለማያያቸው ትውልዶች ሁሉ ስም ሆነ ማለት ነው። ከእሱ በላይ ያሉት ግን በዚያው ተዘጉ፤ እዚያ ሽማግሌ ተልኮ ሰባት ቤት የሚቆጥር የለም።

በሁሉም መንገድ የምትቀር አንዲት ሴት አለች። ኢትዮጵያዊቷ ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም፤ ይህን እወድላታለሁ። ለልጇ ግን ስሟ አይወርድም። በእንግሊዞቹም፣ በወላስማዎቹም፣ በእኛም ዝርዝር ውስጥ የሚቆመው ወንድ ብቻ ነው። የአያታችሁን እናት ስም የምታውቁ ስንት ናችሁ?

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አያትዎ ወይም የአያትዎ ታላቅ እህት በሕይወት ካሉ፣ በዚህ ሳምንት ይደውሉላቸው። አራተኛውን ስም ይጠይቁ፤ ከየት መንደር እንደነበረ፣ ማንን እንዳገባ፣ የሚስቱም አባት ማን እንደነበረ ይጠይቁ። የተነገረዎትንም በደብተር ጽፈው ለልጆችዎ ያኑሩላቸው።