የከተማ ልጅ ማን ነው?

ማታ ማታ በየመኝታ ክፍላችን ከማይጠፉት ክርክሮች አንዱ «የመቀሌ እውነተኛ ልጅ ማን ነው?» የሚለው ነው። አንዱ አያቱን ይጠራል፤ ሌላው ቅድመ አያቱን። ታዲያ ቆጠራው የት ሊያበቃ ነው?

እስቲ ኲሓን እንይ። ዛሬ የመቀሌ አንዲት ክፍለ ከተማ ናት፤ ብዙዎቻችን የምናውቃት በአውሮፕላን ማረፊያዋና በዓይን ሕክምናዋ ነው። እዚያው ቢለት በተባለው ሥፍራ ዐረብኛ የተቀረጸባቸው የሙስሊሞች የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። የቀደሙት የ10ኛው ምዕተ ዓመት ናቸው፤ መቀሌ መናገሻ ከመሆኗ 900 ዓመት ያህል በፊት መሆኑ ነው። «የቀደመ ባለቤት ነው» ካልን እንግዲህ አብዛኞቻችን እንግዶች ነን ማለት ነው።

«የለም፣ ባለቤቷ የሠራት ነው» የሚል ይኖራል። ይሁን። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በእናታቸው የእንደርታ ቢሆኑም የተወለዱት ተምቤን ነው። በ1870ዎቹ ቤተ መንግሥታቸውን ሲያሠሩ ናሬቲ የተባለ ጣሊያናዊ ባለሙያ ተካፍሎበታል። ገበያዋን ያደመቀው አሞሌ ከአፋር ቆላ በግመል የወጣ ነው። ግቢያችን ስሙን የወረሰውን የእንዳ ኢየሱስን ምሽግ በ1888 ዓ.ም. ከበው ጣሊያንን ያስለቀቁትም ከየአገሩ የዘመቱ ናቸው። መቀሌን የሠራት የአንድ ሰፈር ሰው አይደለም።

ይህ መለኪያ ከመጀመሪያው ይሻላል፤ ግን እሱም ጎዶሎ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከቀያቸው የተፈናቀሉ ወገኖች በመቀሌ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። ያለ የሌለ ንብረቱን ጥሎ የመጣውን ሰው «ለከተማዋ ምን ሠራህላት?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም እንዴ?

እኛ እንደሚመስለን፣ ከተሜነት እንደ ርስት የሚወረስ፣ እንደ ደመወዝም ተሠርቶ የሚከፈል አይደለም። አብረው በሚኖሩ ሰዎች መካከል ያለ ግዴታ ነው። የከተማ ልጅ የሚባለው የጎረቤቱ ችግር የሚመለከተው ነው፤ ጎረቤቱ ትናንት የመጣም ቢሆን።

በዚህ ከተስማማን ፈተናው የሚጀምረው ከራሳችን ነው። ጥቂት ዓመት ተምረን፣ ዲግሪያችንን ይዘን የምንሄድ ሰዎች ነን። የውኃ ወረፋ ላይ የምናገኛትን እናት «አገርሽ የት ነው?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት ጀሪካኗን እናነሣላታለን? መልሳችን «አይ» ከሆነ፣ የአያቶቻችን ስም የትም አያደርሰንም።

የሚቀጥለውን ክርክር ከዚህ ብንጀምረውስ?